የስፖርት መምህሩና የበቆጂ ልጆች

ስለ አሠልጣኝ ለመጻፍ ስነሣ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ለስፖርት ዓምድ እንጂ ለአስተያየት ዓምድ አይሆንም» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። አሠልጣኝነት የሜዳ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማስተማር ጉዳይ ነው። ስለዚህም ከማንም በፊት የሚመለከተው እኛን፣ ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል የምንገባውን እጩ መምህራን ነው። በተለይም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚባለውን፣ በተለምዶ «ስፖርት» ብለን የምንጠራውን ክፍለ ጊዜ የምናይበት ዓይን መታረም አለበት ብዬ ስለማምን ሐሳቤን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በመኝታ ቤትም ሆነ በመመገቢያ አዳራሽ የትምህርት መስክ ወሬ ሲነሣ ሒሳብና ሳይንስ የደረሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል። ቋንቋ የደረሰው ምንም አይል። ሰውነት ማጎልመሻ የደረሰው ግን «ፊሽካ ነፊ ሆነህ ቀረህ!» ተብሎ ይሳቅበታል። ቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ይዘነው የመጣነው ነው።

እኔ በተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት አንዲት የተነፈሰች ኳስ ለስድሳ ልጅ ተወርውራ መምህሩ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ነበር። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ኳሷን ይይዛሉ፤ ሴቶቹ አጥር ሥር ቆመው ያወራሉ፤ ትንንሾቹ አቧራ ይጠጣሉ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። «ያው ስፖርት አይደል!» ይባላል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሁላችንም ካርዳችን ላይ በስፖርት ሰማንያና ዘጠና ተጽፎልን እናገኘዋለን። ከየት እንደመጣ ጠያቂም የለ፣ መላሽም የለ። ብዙዎቻችሁ ይህንን ስታነቡ «የእኛም እንዲሁ ነበር» እንደምትሉ አልጠራጠርም።

ታዲያ ይህ ክፍለ ጊዜ በእርግጥ ዋጋ የሌለው ነውን? መልሱን ከራሳችን ሀገር ታሪክ እንፈልገው።

የሀገራችን የስፖርት ድል ሲነገር ስማቸው የሚነሣው ሯጮቹና ተጫዋቾቹ ናቸው። ይህ ተገቢ ነው፤ የሮጡት እነሱ ናቸውና። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ድል ጀርባ ያስተማረ ሰው አለ። ጷጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ሰውዬው ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ ሀገራችን የመጣው በሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪነት ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ በሃንጋሪ ሀገር የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የብሔራዊ ቡድኑን ሯጮች ለብዙ ዓመታት አሠልጥነው በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል።

በሌላው ዓለምም አሠልጣኝነት ትልቅ የሕይወት ሙያ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ኮሌጆች ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ሮድ ዲዶ የሚባል ሰው በሎስ አንጀለስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1986 አሠልጥኖ 11 ጊዜ የሀገሪቱን የኮሌጆች ሻምፒዮና አሸንፏል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ደመወዙ በዓመት አንድ ዶላር ነበር ይባላል። ይገርማል! ነገር ግን የራሱ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ ስለነበረው በአንድ ዶላር ደመወዝ መሥራት ችሏል። የእኛ ሀገር የገጠር መምህር የጭነት መኪና የለውም። ስለዚህ የእኛን መምህር ከዚህ ሰው ጋር ስናወዳድር ማን ይበልጥ ከራሱ ቀንሶ እንደሰጠ መርሳት የለብንም።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ የብሔራዊ ቡድንና የትልልቅ ተቋማት አሠልጣኞች ናቸው። እኔ ግን ለእኛ ለእጩ መምህራን ዋናው ምሳሌ ሌላ ሰው ነው እላለሁ። እርሳቸውም የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው።

በቆጂ በአርሲ፣ ከአሰላ ወደ ደቡብ ሲጓዙ የምትገኝ፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት ደጋ ከተማ ነች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። መምህር ስንታየሁ በዚህች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ልብ በሉ! የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ አልነበሩም፣ የክለብ አሠልጣኝም አልነበሩም። ልክ ነገ እኛ እንደምንሆነው የክፍል ዝርዝር የሚይዙ፣ ስም የሚጠሩ፣ ውጤት የሚሞሉ መምህር ነበሩ። የእርሳቸውን ሥራ ልዩ ያደረገው ክፍለ ጊዜውን በቁም ነገር መያዛቸውና ልጆቹን ማየት መቻላቸው ነው። ማን ቶሎ ይደክማል፣ ማን ወድቆ ይነሣል፣ የማንኛዋ ልጅ እርምጃ ይረዝማል ብለው ማየታቸው ነው። ቀስ በቀስም ከክፍለ ጊዜው አልፈው ማለዳ ልጆችን ሰብስበው ወደ ማሠልጠኑ ገቡ። ስማቸውም ከ«መምህር»ነት ወደ «ኮች»ነት ተለወጠ። ከተማው ዛሬም የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው።

ውጤቱን እንቁጠር። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትር ወርቅ በማጥለቅ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1993 ዓ.ም. መባቻ ሲድኒ ላይም ደገመችው። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ አንድ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። ጥሩነሽ ዲባባ ቤይጂንግ ላይ ሁለት፣ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ አንድ ወርቅ አገኘች። በዚያው በለንደን ቲኪ ገላና ማራቶኑን አሸነፈች። አምስት ሰዎች፣ አሥር የኦሊምፒክ ወርቅ፤ ሁሉም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ቤይጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው ወርቆች አራት ሲሆኑ አራቱም ወደዚህች ከተማና አካባቢዋ ልጆች ነው የሄዱት። ይህንን የሚያህል ውጤት ከአንዲት የገጠር ከተማ ያገኘ ሀገር ካለ ይነገረኝ።

ሁሉንም ለወርቅ ያበቁት መምህር ስንታየሁ ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልጆቹ ካደጉ በኋላ በክለብ፣ ከዚያም በብሔራዊ ቡድን ሌሎች አሠልጣኞች ተቀብለዋቸዋል። እነ ዶክተር ወልደመስቀልም ድርሻቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን ተቀባይ የሚኖረው የሚሰጥ ሲኖር ነው። ደራርቱንና ቀነኒሳን የመሰሉ ልጆች ገና ማንም ሳያውቃቸው በሜዳው ላይ ያዩአቸው የትምህርት ቤት መምህር ናቸው።

አንዳንድ ሰው «የበቆጂ ምሥጢር ከፍታው ነው» ይላል። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሰውነት ኦክሲጂን የሚያጓጉዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት ያመርታል፤ ስለዚህ የደጋ ልጅ ትንፋሹ ረጅም ነው ይባላል። ይህ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ አልክድም። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ በኢትዮጵያ ስንት ደጋ ከተማ አለ! ሆሳዕና ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። የእኛ የሀምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልጆቻችንም ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ወንዝ፣ ከወንዝ እስከ ገበያ በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ ነው የሚያድጉት። አየሩ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ልጁ አለ። የጎደለው ምንድን ነው? እኔ መምህሩ ነው እላለሁ። በቆጂ ከብዙ ደጋ ከተሞች የተለየችው ዳገቱ ላይ ቆሞ ልጆቹን የሚያይ መምህር በማግኘቷ ነው።

«እኛ አካባቢ ሯጭ አይወጣም» የሚለውም ወሬ ትክክል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ብቸኛውን ወርቅ ያመጣው ሰለሞን ባረጋ ከጎረቤታችን ከጉራጌ ነው። ጉራጌና ሀድያ ገበያቸው እንኳ የተቀላቀለ ነው። በእግር ኳስም ሀድያ ሆሳዕና በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለመጫወት በቅቷል። ጨዋታ ባለ ቀን ሆሳዕና ምን እንደምትመስል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ ስፖርት ይወዳል። እንግዲህ የሚወደውን ስፖርት በትምህርት ቤት በኩል ከሥሩ የሚኮተኩት ያስፈልገዋል።

የአሠልጣኝን ሕይወት ለመረዳት እኛ የሀደሮና የአካባቢው ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የእናቶቻችንን የእንሰት አተካከል ማየት ይበቃል። እንሰት ዛሬ ተተክሎ በዓመቱ አይፋቅም። ችግኙ መጀመሪያ ከአንድ ቦታ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እንደገና ተነቅሎ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። ዓመታት ቆይቶ ነው ቆጮ የሚሆነው። ቆጮውን የሚበላ እንግዳ «ይህችን ችግኝ መጀመሪያ ያፈላት ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሯጭም እንዲሁ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን ይዛወራል። የመጀመሪያው መምህር ልጁ ገና ሲጠና ይለየዋል፤ ተመልሶም አዲስ ችግኝ ያፈላል። ይህ ነው የአሠልጣኙ ሥራ። በየዓመቱ ምርጦቹን መሸኘት፣ በየዓመቱ ከዜሮ መጀመር! መምህርነትም ከዚህ የተለየ አይደለም። እኛም ስምንተኛ ክፍል ያደረስነውን ልጅ ሸኝተን ወደ አንደኛ ክፍል እንመለሳለን።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወርቅ ነው። አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ምክንያቱም አንድ ብልህ አንባቢ «አምስት ሰው ወርቅ አገኘ፤ እሺ! የቀሩትስ የት ደረሱ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መመለስም አለበት።

በ2004 ዓ.ም. ስለ በቆጂ አንድ ዘጋቢ ፊልም ወጥቶ ነበር። ርእሱ በአማርኛ «የሯጮች ከተማ» ማለት ነው። ፊልሙ የሚከተለው የኦሊምፒክ አሸናፊዎችን ሳይሆን በመምህር ስንታየሁ ሥር የሚሠለጥኑ ሁለት ጓደኛሞች ልጃገረዶችን ነው። ልጆቹ ማለዳ ይሮጣሉ፤ ይወዳደራሉ፤ ከዚያም ከቤተሰባቸው ተለይተው በሌላ ከተማ ወዳሉ ማሠልጠኛዎች ይሄዳሉ። መንገዱ ግን እንደታሰበው ቀና አይሆንም። ተስፋና ችግር፣ ሩጫና ትምህርት፣ ቤተሰብና ናፍቆት ይጋጫሉ። ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፦ ማለዳ ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት ብዙ ልጆች መካከል ለዓለም ውድድር የሚበቁት በጣም ጥቂት ናቸው። የቀሩት ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ እናት፣ አባት፣ መምህር ይሆናሉ። እነዚህ ልጆች ለአሠልጣኙ ኪሳራ ናቸው እንዴ?

የእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። አሠልጣኝ መመዘን ያለበት ባወጣው አንድ ሻምፒዮን ሳይሆን በመጨረሻ በገባው ልጅ ነው። መጨረሻ የገባው ልጅ ጤነኛ፣ በሰዓቱ የሚገኝ፣ ተሸንፎ የማይኮርፍ፣ ትምህርቱን ያልጣለ ሰው ሆኖ ከወጣ አሠልጣኙ ሥራውን ሠርቷል። ልጁ ግን ለአንድ ሜዳሊያ ሲባል ደብተሩን ጥሎ፣ ክፍል አቋርጦ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ከተመለሰ፣ አሠልጣኙ አሥር ወርቅ ቢያመጣም ያ ልጅ ዕዳ ነው። የክለብ አሠልጣኝ ይህን ዕዳ ላያየው ይችላል፤ ሥራው ማሸነፍ ነውና። የትምህርት ቤት መምህር ግን ሊያየው ግድ ነው። ልጁ ሲሸነፍም የእርሱ ተማሪ ነው። ነገም ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል።

ስለዚህ «ስፖርት ልጆችን ከትምህርት ያርቃል» የሚሉትም፣ «ጎበዝ ሯጭ ትምህርት ምን ያደርግለታል» የሚሉትም ሁለቱም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ሜዳውንና ክፍሉን ለያይተው ነው የሚያዩት። መምህር ሲሆን ግን ሜዳውም የእርሱ ነው፣ ክፍሉም የእርሱ ነው። የመምህር አሠልጣኝነት ከሌላው አሠልጣኝነት የሚበልጠው በዚህ ነው።

«እሺ፣ ምን እናድርግ?» ብትሉ፣ ለእኛ ለሰልጣኞችም ለመምህሮቻችንም የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የስፖርትን ክፍለ ጊዜ እንደ ማንኛውም ትምህርት እናዘጋጀው። የዕለት ትምህርት ዕቅድ ለሒሳብ እንደምናወጣ ለሜዳም እናውጣ። ማሟሟቂያ፣ ዋና ሥራ፣ ማቀዝቀዣ የሚባሉት በወረቀት ላይ የሚጻፉት ለተቆጣጣሪ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳያሟሙቅ ቢሮጥ ጅማቱ ይጎዳል። ሮጦም ወዲያው ቢቀመጥ ሊያዞረው ይችላል። «ኳስ የለም» ማለትም ምክንያት አይሆንም። ለሩጫ፣ ለዝላይ፣ ለገመድና ለቅብብሎሽ ኳስ አያስፈልግም። የበቆጂ ልጆች በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ በተርታ ሆነው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ባሕር ዛፍ ደግሞ እኛም አለን።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱን ልጅ የምንመዘግብበት አንድ ደብተር እንያዝ። መሮጫው ስንት ሜትር እንደሆነ በእርምጃ ለክተን፣ በስልካችን ሰዓት ይዘን፣ በየወሩ የእያንዳንዱን ልጅ ሰዓት እንጻፍ። ጥቅሙ ጎበዙን ለመለየት ብቻ አይደለም። ቀርፋፋውም ልጅ ባለፈው ወር ከሮጠው አሥር ሴኮንድ ሲቀንስ ማሸነፉን ያየዋል። ውድድሩ ከራሱ ጋር ይሆናል። ያን ጊዜ በካርድ ላይ የሚጻፈው ሰማንያና ዘጠና ከየት እንደመጣ ማስረጃ ይኖረናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሴቶች ልጆች። ከበቆጂ አምስት አሸናፊዎች አራቱ ሴቶች መሆናቸውን ማንም እንዳይረሳው! በእኛ ትምህርት ቤቶች ግን ሴቶቹ አጥር ሥር ይቆማሉ። አንደኛው ምክንያት ልብስ ነው፤ በቀሚስ ሩጪ ብትባል ታፍራለች። ሁለተኛው ምክንያት ቤት ያለው ሥራ ነው። ማለዳ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ታናናሾቿን አዘጋጅታ የመጣች ልጅ ከመሮጧ በፊት ደክማለች። ስለዚህ መምህሩ ልምምዱን በትምህርት ሰዓት ውስጥ ቢያደርግላት፣ ለሴቶች የራሳቸው ተራ ቢሰጥ፣ እናትና አባትንም ቀርቦ ቢያነጋግር ጥሩ ነው። ሴት መምህራን ደግሞ ራሳቸው ሜዳ ሲወርዱ ማየት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ሴት ሰልጣኞቻችን ሆይ፣ ይህች ነገር ለእናንተ ነች!

አራተኛ፤ ልጅን ለክለብ ወይም ለማሠልጠኛ ስንሰጥ ዝም ብለን አንስጥ። «የት ነው የሚተኛው? ምን ይበላል? የትኛው ትምህርት ቤት ይገባል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ባይሳካለት ወደ ክፍሉ ይመለሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ግዴታ ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ አይጠይቁም፤ ያፍራሉ፣ ወይም በደስታ ይዋጣሉ። መምህሩ ግን በእነርሱ ቦታ ሆኖ ይጠይቅ። ልጁ ከሄደ በኋላም ስልክ ደውሎ «ደህና ነህ?» ይበል።

አምስተኛ፤ ሕዝባችን የመጀመሪያውን መምህር ማስታወስ ይልመድ። አሸናፊ ሲመጣ አበባ ይሰጠዋል፣ መኪና ይሸለማል፣ በስሙ ማዕከል ይሠራለታል። አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ተሠርቷል፤ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠራት፣ መጀመሪያ ሩጪ ያላት ማን ነው?» ብሎ ሄዶ እጁን የሚጨብጥ ቢኖር ምን አለበት? ገንዘብ አልጠየቅንም። እጅ መጨበጥ ብቻ!

በመጨረሻም ስለ ምደባ አንዲት ቃል ልበል። የምደባ ወሬ በመጣ ቁጥር «እኔን ገጠር እንዳይወረውሩኝ» የሚል ጸሎት እንሰማለን። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ መራቅ ልክ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። የገጠሩ ኑሮ አይከብድም አልልም። ቤት ኪራይ፣ መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት ሁሉ ያስቸግራል፤ የሚመለከታቸው ክፍሎችም ሊያስቡበት ይገባል። ነገር ግን በቆጂም ገጠር ነበረች። እዚያ የተመደበ መምህር ሁሉ «እዚህ ተጥዬ ቀረሁ» ብሎ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ኖሮ፣ እነዚያ ልጆች በዚያው ማሳ ላይ ገብስ ሲያጭዱ ይቀሩ ነበር፤ እኛም ስማቸውን አናውቅም ነበር። ዛሬ በሀደሮ፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በአንዱ ስሙ በማይታወቅ ቀበሌ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆማ የምታወራ ልጅ አለች። ሩጫ እንደምትችል እርሷም አታውቅም፤ አባቷም አያውቅም። የሚያውቅላት ሰው ከእኛ መካከል ከአንዳችን በቀር ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ፊሽካውን አንናቀው። በፊሽካውም በጠመኔውም የምንሠራው ሥራ አንድ ነው። በዚህ አስተያየት የማይስማማ ሰልጣኝ ወይም መምህር ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍ እጋብዛለሁ። ቸር ያሰንብተን!

ከአንድ የሀደሮ ልጅ፣ እጩ መምህር